ዋጋ የጠፋበት ጠዋት፦ አንዱን ቴብል በሌላው ቴብል ማደስ

ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ያደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነበር። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እኔ የምሠራው የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ሱቃችን መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። ዕቃው በሙሉ ከውጭ ስለሚመጣ ያን ሰሞን ዋጋ ተቀይሮ አያልቅም ነበር። ባለቤቱ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ አንድ ማታ አዲስ የዋጋ ዝርዝር በኤክሴል አድርገው በቴሌግራም ላኩልኝ። 312 ዕቃ ነው። «ለነገ ጠዋት ይድረስ» አሉኝ።

ዳታቤዛችን (ዕቃው ሁሉ የተመዘገበበት) ውስጥ ግን 1,840 ዕቃ ነበር። የላኩትን ዝርዝር ወደ አንድ ቴብል (ረድፍና ኮለም ያለው ሠንጠረዥ) ገለበጥኩት። አንድ አፕዴት፣ ማለትም ያለውን መረጃ የሚቀይር ትዕዛዝ፣ ጻፍኩና አስኬድኩት። ስክሪኑ «አፕዴት 1840» አለኝ። ደክሞኝ ስለነበር ቁጥሩን ልብ ሳልለው ኮምፒውተሩን ዘግቼ ተኛሁ።

ጠዋት 2:30 ሱቁ ሲከፈት የ1,528 ዕቃ ዋጋ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ካሸሯ የካንዴላ ኮድ ታስገባለች፣ ስሙ ይመጣል፣ ዋጋው ቦታ ላይ ምንም የለም። ደንበኛው ብሩን ይዞ ቆሟል። የማታው ባክአፕ ባይኖር ኖሮ ያን ቀን ሱቁ አይሠራም ነበር።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ጠዋት እንዳይገጥመው ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ አፕዴት ከመጻፌ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ለእያንዳንዱ ረድፍ ስንት መልስ ነው የሚመጣው? ምንም? አንድ? ወይስ ብዙ? ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የሚወጣ ነው።

ስለ አጻጻፌ አንድ ነገር ልበል። የኤስኪውኤልን (ዳታቤዝ የሚታዘዝበትን ቋንቋ) ትዕዛዞች በንግግር እንደምንጠራቸው በራሳችን ፊደል ነው የጻፍኩት። ስትሞክሩት ሴሌክትን (አውጥቶ የሚያሳየውን)፣ አፕዴትን፣ ዌርን (ረድፍ የሚመርጠውን) እና ሌሎቹንም ትዕዛዞች በላቲን ፊደል ጻፉ። የቴብልና የኮለም ስሞቹን ግን እንዳሉ ልትተዉአቸው ትችላላችሁ። ፖስትግሬስ፣ ማይኤስኪውኤልና ኤስኪውላይት የሚባሉት የዳታቤዝ ፕሮግራሞች ሁሉም በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ይቀበላሉ። መጠንቀቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ዕቃ» እና «እቃ» ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። አንዱን መርጣችሁ እሱን ብቻ ያዙ።

ምሳሌዎቹን በፖስትግሬስ ነው የምሰጠው። ዋነኞቹ ቴብሎች ሦስት ናቸው። «ዕቃ» ውስጥ ኮድ፣ ስም፣ ዋጋ እና ክምችት አለ። «ዝርዝር» ጋሼ የሚልኩት ነው፤ ኮድ፣ ዋጋ እና ቀን አለው። «ሽያጭ» ደግሞ ካሸሯ በሸጠች ቁጥር አንድ ረድፍ የሚጨመርበት ነው፤ ኮድ፣ ብዛት እና ቀን።

ያን ማታ የጻፍኩት ይሄ ነበር፦

```
አፕዴት ዕቃ
ሴት ዋጋ = (
    ሴሌክት ዝርዝር.ዋጋ
    ፍሮም ዝርዝር
    ዌር ዝርዝር.ኮድ = ዕቃ.ኮድ
);
```

በቅንፉ ውስጥ ያለው ሰብኩዌሪ ይባላል፤ ጥያቄ ውስጥ ያለ ጥያቄ ማለት ነው። ውጪ ካለው «ዕቃ» ጋር በኮድ ታስሯል። እንዲህ አስቡት፦ ዳታቤዙ የዕቃን ረድፎች አንድ በአንድ ያነሳል። ለእያንዳንዱ «የዚህ ኮድ ዋጋ ዝርዝሩ ላይ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ዋጋው ቦታ ላይ ይጽፋል።

ዝርዝሩ ላይ የሌለ ዕቃ ሲያጋጥመውስ? አይዘለውም። መልሱ ነል (ባዶ) ይሆናል፣ ያንኑ ነል ይጽፋል። የነበረውን ዋጋ ያጠፋዋል ማለት ነው። እኔ ዌር ያለ መስሎኝ ነበር። አዎ፣ ዌር አለ፤ ግን ቅንፉ ውስጥ ነው። እሱ የሚመርጠው ከዝርዝር ነው እንጂ ከዕቃ አይደለም። የትኛው ዕቃ ይነካ የሚለውን የሚወስን ዌር ከቅንፉ ውጪ መጻፍ አለበት፦

```
አፕዴት ዕቃ
ሴት ዋጋ = (
    ሴሌክት ዝርዝር.ዋጋ
    ፍሮም ዝርዝር
    ዌር ዝርዝር.ኮድ = ዕቃ.ኮድ
)
ዌር ኤግዚስትስ (
    ሴሌክት 1
    ፍሮም ዝርዝር
    ዌር ዝርዝር.ኮድ = ዕቃ.ኮድ
);
```

ኤግዚስትስ የሚጠይቀው «አለ ወይስ የለም?» ብቻ ነው። ዝርዝሩ ላይ የሌለው ዕቃ ጨርሶ አይነካም። ስክሪኑ አሁን 312 ይላል። የጠፋውን ዋጋ የመለስኩትም በዚሁ መንገድ ነው። የማታውን ባክአፕ በሌላ ስም ከፈትኩ፣ ዋጋውን ከዚያ አመጣሁ፣ ከቅንፉ ውጪ ደግሞ «ዌር ዕቃ.ዋጋ ኢዝ ነል» ብዬ ጨመርኩበት።

ያኑ ዕለት ከሰዓት ሌላም ነገር አደረግሁ። ዋጋ የሚለው ኮለም ባዶ እንዳይቀበል አሰርኩት፦

```
አልተር ቴብል ዕቃ አልተር ኮለም ዋጋ ሴት ኖት ነል;
```

ይሄ አስቀድሞ ቢኖር ኖሮ ያ አፕዴት ስህተት ብሎ ይቆም ነበር፤ አንድም ረድፍ አይቀየርም ነበር። ዋጋ፣ ክምችት፣ የደንበኛ ሂሳብ የሚይዝ ኮለም ካላችሁ ዛሬውኑ እሰሩት።

አሁን ስለ ኮዱ ላንሳ። አንዳንድ ሰው በኮድ ፈንታ በስም ያስተሳስራል። በአማርኛ ስም ይህን በፍጹም አታድርጉ። የእኛ ቴብል ውስጥ «የኋላ መብራት»፣ «የኃላ መብራት» እና «የሁዋላ መብራት» ተብሎ ተጽፎ አግኝቻለሁ። ለእኛ አንድ ነው፤ ለዳታቤዙ ሦስት ነው። በስም ብታስተሳስሩት ከሦስቱ አንዱ ብቻ ዋጋው ይታደሳል፣ ሁለቱ በድሮው ይሸጣሉ። ኮድም ቢሆን ከኤክሴል ሲመጣ ከኋላው ክፍት ቦታ ተለጥፎበት፣ ወይም በዜሮ ፈንታ ኦ የሚለው የላቲን ፊደል ተጽፎበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከአፕዴቱ በፊት ቤት አልባዎቹን እፈልጋለሁ፦

```
ሴሌክት ዝርዝር.ኮድ
ፍሮም ዝርዝር
ዌር ኖት ኤግዚስትስ (
    ሴሌክት 1 ፍሮም ዕቃ
    ዌር ዕቃ.ኮድ = ዝርዝር.ኮድ
);
```

እዚህ የሚወጣ ኮድ ወይ አዲስ ዕቃ ነው ወይ የተሳሳተ ነው። ለጋሼ መልሼ እልከዋለሁ። በኖት ኤግዚስትስ ፈንታ ኖት ኢን መጻፍም ይቻላል፤ ግን ቅንፉ ውስጥ አንድ ነል እንኳ ካለ ኖት ኢን ምንም ረድፍ አያወጣም። «ሁሉም ደህና ነው» ብላችሁ ታልፉታላችሁ። እኔ ትቼዋለሁ።

ኢን ራሱ የሚያመጣው አንድ አደጋ ግን አለ፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ዓመት የሠራ ሰውም ይወድቅበታል። ማስመጣት ያቆምናቸው ዕቃዎች «የቆመ» የሚባል ቴብል ውስጥ ነበሩ። ዕቃ ላይ «ይሸጣል» በሚለው ኮለም እነሱን ከሽያጭ ላወጣ ፈለግኩ፦

```
አፕዴት ዕቃ
ሴት ይሸጣል = ፎልስ
ዌር ኮድ ኢን (ሴሌክት ኮድ ፍሮም የቆመ);
```

ምንም የጎደለው አይመስልም። ችግሩ «የቆመ» ውስጥ ኮድ የሚባል ኮለም አለመኖሩ ነው። እዚያ ስሙ «የዕቃ_ኮድ» ነው። «ታዲያ ስህተት ይላል» ትሉ ይሆናል። አይልም። ቅንፉ ውስጥ ያለው «ኮድ» በየቆመ ውስጥ ሲታጣ፣ ዳታቤዙ ወደ ውጪ ወጥቶ ይፈልገዋል። ዕቃ ውስጥ ያገኘዋል። ስለዚህ ጥያቄው «የዕቃው ኮድ ከራሱ ከዕቃው ኮድ ጋር እኩል ነው?» ሆነ። መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው። የቆመ ውስጥ አንድ ረድፍ ብቻ ቢኖር እንኳ ኮድ ያለው ዕቃ ሁሉ ይመታል። እኔም 40 ገደማ ስጠብቅ 1,840 አየሁ። ያኔ ትራንዛክሽን (እስኪጸድቅ ድረስ ሊሰረዝ የሚችል ሥራ) ውስጥ ስለነበርኩ ሮልባክ (ሰርዝ) ብዬ መለስኩት።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቅንፍ ውስጥ የምትጽፉትን ኮለም ሁሉ ከነቴብሉ ስም ጥሩት። «ሴሌክት የቆመ.ኮድ» ብትሉ ኖሮ ዳታቤዙ ወዲያው «እንዲህ የሚባል ኮለም የለም» ብሎ ይቆማል። ስሙ ረጅም ሆነ ብላችሁ አትሰንፉ።

እስካሁን ያየነው ምንም መልስ ስለማይመጣበት ነው። አሁን ብዙ መልስ ወደሚመጣበት እንለፍ።

ጋሼ በየሳምንቱ ዝርዝር ሲልኩ ድሮውን አላጠፋም፤ ላዩ ላይ እጨምራለሁ። ስለዚህ አንድ ኮድ አራት አምስት ዋጋ ይኖረዋል። ከላይ የጻፍነውን ሰብኩዌሪ አሁን ብታስኬዱት ፖስትግሬስ «ከአንድ በላይ ረድፍ መጣ» ብሎ እምቢ ይላል። ደግ አደረገ። ኤስኪውላይት ግን እምቢ አይልም፤ የመጀመሪያውን አንስቶ ይቀጥላል። የትኛው ዋጋ እንደገባ እንኳ አታውቁም።

ፖስትግሬስም ዝም የሚልበት ቦታ አለው። አፕዴት ላይ ፍሮም ስትጨምሩ ነው። በዚህ ምክንያት ከመጋዘን ኃላፊያችን ከእትዬ ጋር ሁለት ሳምንት ተጨቃጭቀናል። ክምችትን እንዲህ ነበር የምቀንሰው፦

```
አፕዴት ዕቃ
ሴት ክምችት = ዕቃ.ክምችት - ሽያጭ.ብዛት
ፍሮም ሽያጭ
ዌር ሽያጭ.ኮድ = ዕቃ.ኮድ;
```

አንድ ቀን እትዬ ካንዴላውን መደርደሪያው ላይ ቆጠሩት። 11 ፍሬ ነው። ኮምፒውተሩ 35 ይላል። ጠዋት 40 ነበር። በቀኑ አራት ጊዜ ተሽጧል፦ 8፣ 5፣ 12 እና 4። ድምሩ 29 ነው፣ ከ40 ሲቀነስ 11። እትዬ ልክ ነበሩ። ኮምፒውተሩ የቀነሰው 5ቱን ብቻ ነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። አንድ አፕዴት አንዱን ረድፍ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚቀይረው። ለአንድ ዕቃ አራት የሽያጭ ረድፍ ቢገጥመው ከአራቱ አንዱን ይወስዳል፣ ሦስቱን ይተዋል። የትኛውን እንደሚወስድ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ስህተት አይልም፣ ማስጠንቀቂያም የለም። ሌባ ሲፈለግ የነበረው መጋዘን ውስጥ ነው፤ ጥፋቱ ግን እኔ የጻፍኩት መስመር ላይ ነበር። ሄጄ እትዬን ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ፍሮም ላይ የምታመጡት ነገር ለአንድ ኮድ አንድ ረድፍ ብቻ ሊኖረው ይገባል። ሽያጩ አስቀድሞ መደመር አለበት። ይህን ከአፕዴቱ በፊት በንጽህና ለመሥራት የሚመቸው ዊዝ ነው። በዊዝ የሚጻፈው ነገር ሲቲኢ ይባላል። መሐል ላይ ለሚወጣ ውጤት ስም መስጠት ማለት ነው፤ ስሙ የሚሠራው በዚያች አንድ ትዕዛዝ ውስጥ ብቻ ነው፣ ከዚያ ይጠፋል። ዊዝ ወደ ኤስኪውኤል ስታንዳርድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ፖስትግሬስ በ2009፣ ማይኤስኪውኤል ደግሞ በ8.0 ቨርዥን በ2018 እ.ኤ.አ. አስገብተውታል።

ዋጋውን አሁን የማድሰው እንዲህ ነው። ዝርዝሩ ላይ ያለው ዋጋ ቫት የሌለበት ስለሆነ 15 በመቶ እጨምርበታለሁ፦

```
ዊዝ የመጨረሻ አዝ (
    ሴሌክት ኮድ, ዋጋ,
           ሮው_ነምበር() ኦቨር (
               ፓርቲሽን ባይ ኮድ
               ኦርደር ባይ ቀን ዴስክ
           ) አዝ ተራ
    ፍሮም ዝርዝር
),
ለውጥ አዝ (
    ሴሌክት ዕቃ.ኮድ, ዕቃ.ስም,
           ዕቃ.ዋጋ አዝ የድሮ,
           ራውንድ(የመጨረሻ.ዋጋ * 1.15, 2) አዝ አዲስ
    ፍሮም ዕቃ
    ጆይን የመጨረሻ ኦን የመጨረሻ.ኮድ = ዕቃ.ኮድ
    ዌር የመጨረሻ.ተራ = 1
)
ሴሌክት * ፍሮም ለውጥ
ኦርደር ባይ አዲስ - የድሮ ዴስክ;
```

ልብ በሉ፣ አፕዴት እስካሁን የለም። «የመጨረሻ» የሚለው ክፍል ለእያንዳንዱ ኮድ ዋጋዎቹን ከአዲሱ ወደ ድሮው ተራ ይሰጣቸዋል። «ለውጥ» ተራ 1ን ብቻ ይዞ የድሮውንና የአዲሱን ዋጋ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። መጨረሻ ላይ ያለው ሴሌክት ያሳየኛል።

የመጨረሻዋን መስመር አትዝለሏት። ከሁሉ የበለጠ የጨመረው ዕቃ ከላይ ይወጣል። አንዴ እዚያ አናት ላይ የካንዴላ ዋጋ 18,400 ብር ሆኖ አየሁት። ኤክሴሉ ላይ አንድ ዜሮ ተጨምሮ ነበር። ከታች ደግሞ ዋጋቸው የቀነሰ ዕቃዎች ይሰበሰባሉ። ያን ሰሞን ዋጋ የሚቀንስበት ምክንያት ስላልነበረ እያንዳንዱን ደውዬ አጣራለሁ።

ዝርዝሩ ትክክል ሲሆን ዊዙን እንዳለ እተወዋለሁ። የመጨረሻውን ሴሌክት ብቻ በዚህ እተካለሁ፦

```
አፕዴት ዕቃ
ሴት ዋጋ = ለውጥ.አዲስ
ፍሮም ለውጥ
ዌር ለውጥ.ኮድ = ዕቃ.ኮድ
  ኤንድ ለውጥ.የድሮ ኢዝ ዲስቲንክት ፍሮም ለውጥ.አዲስ
ሪተርኒንግ ዕቃ.ኮድ, ዕቃ.ስም, ዕቃ.ዋጋ;
```

ያየሁት እና የሚጻፈው አንድ ዓይነት ጥያቄ ስለሆኑ መሐል ላይ የሚዛባ ነገር የለም። ሲቲኢን የምወደው በዚህ ነው። ኢዝ ዲስቲንክት ፍሮም ያለው መስመር ዋጋው ያልተለወጠውን ዕቃ ይዘለዋል። ፖስትግሬስ ዋጋው ያው ቢሆንም እንኳ ረድፉን እንደ አዲስ ስለሚጽፈው፣ በከንቱ ከማሠራት ይሻላል። የሚወጣው ቁጥርም በእውነት የተቀየረውን ብቻ ይነግራችኋል። ሪተርኒንግ ደግሞ የተነኩትን ረድፎች መልሶ ያሳያል። ሴት ላይ «ዋጋ» ብቻ ጻፉ፤ «ዕቃ.ዋጋ» ካላችሁ ፖስትግሬስ አይቀበልም።

ቀን የሚለው ኮለም ላይ አንድ ጣጣ አለ፣ የእኛ አገር ጣጣ። ጋሼ ቀኑን የሚጽፉት በእኛ አቆጣጠር ነው። መጀመሪያ እንዳለ በጽሑፍ አስቀመጥኩት። ነሐሴ 10 «10/12/2016» ነው፣ ሐምሌ 22 «22/11/2016» ነው። ጽሑፍ ሲደረደር በመጀመሪያው ቁጥር ስለሆነ ሐምሌ 22 ከነሐሴ 10 በኋላ መጣ። ተራ 1 ያገኘው የድሮው ዋጋ ሆነ። «ዴት (የቀን ዓይነት ኮለም) ላድርገው» ብትሉ ደግሞ አይሆንም። ጥቅምት 30ን በ2ኛ ወር 30ኛ ቀን ብላችሁ ብታስገቡት፣ ፌብሩዋሪ 30 መስሎት ይጥለዋል። ጳጉሜ ደግሞ 13ኛ ወር ነው፤ ለእሱ 13ኛ ወር ብሎ ነገር የለም። እኔ ሲገባ ወደ ፈረንጅ ቀን ለውጬ አስቀምጣለሁ፣ ሲታይ በእኛ አሳያለሁ። በአንድ ቀን ሁለት ዝርዝር ሊመጣ ስለሚችል ለእያንዳንዱ መስመር የመግቢያ ቁጥር ሰጥቼ፣ ኦርደር ባይ ላይ ከቀኑ ቀጥሎ እጨምረዋለሁ። አለበለዚያ ተራ 1ን ማን እንደሚያገኝ አይታወቅም።

ወደ ክምችቱ ልመለስ። ሽያጩን መደመር አንድ ነገር ነው። ሌላም ችግር አለ፦ ትዕዛዙ ሁለት ጊዜ ቢሮጥስ? መብራት ጠፍቶ ሲመጣ «ሮጧል ወይስ አልሮጠም?» ብሎ መልሶ ማስኬድ የተለመደ ነው። ያኔ ክምችቱ ሁለት ጊዜ ይቀነሳል። ስለዚህ ሽያጭ ላይ «ተቀንሷል» የሚል ኮለም ጨመርኩ፤ መነሻው ፎልስ ነው። ከዚያ እንዲህ ጻፍኩ፦

```
ዊዝ የተያዘ አዝ (
    አፕዴት ሽያጭ
    ሴት ተቀንሷል = ትሩ
    ዌር ተቀንሷል = ፎልስ
    ሪተርኒንግ ኮድ, ብዛት
),
ድምር አዝ (
    ሴሌክት ኮድ, ሰም(ብዛት) አዝ ጠቅላላ
    ፍሮም የተያዘ
    ግሩፕ ባይ ኮድ
)
አፕዴት ዕቃ
ሴት ክምችት = ዕቃ.ክምችት - ድምር.ጠቅላላ
ፍሮም ድምር
ዌር ድምር.ኮድ = ዕቃ.ኮድ;
```

ዊዝ ውስጥ አፕዴት መጻፍ ፖስትግሬስ ከ9.1 ቨርዥን፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይፈቅዳል። የመጀመሪያው ክፍል ያልተቀነሱትን ሽያጮች ይይዝና ምልክት ያደርግባቸዋል። ሁለተኛው በኮድ ይደምራቸዋል። ሦስተኛው ከክምችት ይቀንሳል። ሁሉም አንድ ትዕዛዝ ነው። መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ ሁሉም እንዳልነበር ይሆናል። መልሳችሁ ብታስኬዱት የሚያዝ ሽያጭ ስለሌለ 0 ይላል። ለእያንዳንዱ ኮድ አንድ ድምር ብቻ ስላለ የካንዴላው 29ኙም ይቀነሳሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እወቁ። ዊዝ ውስጥ ያሉት ክፍሎች አንዱ የጻፈውን ሌላው ቴብሉ ላይ አያይም፤ ሁሉም የሚያዩት ትዕዛዙ ሲጀምር የነበረውን ነው። «ድምር» ውስጥ «ፍሮም ሽያጭ ዌር ተቀንሷል = ትሩ» ብላችሁ ብትጽፉ የዛሬዎቹን አታገኙም። መረጃው የሚተላለፈው በሪተርኒንግ ብቻ ነው። ለዚህ ነው «ፍሮም የተያዘ» ያልኩት።

በሌላ ዳታቤዝ ለምትሠሩ ባጭሩ። ኤስኪውላይት አፕዴት ላይ ፍሮምን የጨመረው በ3.33 ቨርዥን በ2020 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ የቆየ ቨርዥን ካላችሁ በኤግዚስትሱ መንገድ ሂዱ። ማይኤስኪውኤል አፕዴት ላይ ፍሮም የለውም፤ «አፕዴት ዕቃ ጆይን ለውጥ ኦን ... ሴት ...» ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ ዊዙ ከላይ ይቀመጣል። እዚያ የምታድሱትን ቴብል ራሱን ሰብኩዌሪ ውስጥ ብትጠሩት 1093 የሚል ስህተት ይመጣል። ያኔ ስሌቱን መጀመሪያ ጊዜያዊ ቴብል ላይ አስቀምጬ ከዚያ አፕዴት አደርጋለሁ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ሲቲኢውን ራሱን አፕዴት ማድረግ ይፈቅዳል፤ ፖስትግሬስ ይህን አይፈቅድም።

የቀረው ሁሉንም ትራንዛክሽን ውስጥ ማስኬድ ነው። ቢጊን ብላችሁ ጀምሩ። አፕዴቱን አስኪዱ። ቁጥሩን እዩ። የጠበቃችሁት ከሆነ ኮሚት (አጽድቅ)፣ ካልሆነ ሮልባክ። ቁጥሩን ግን አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ከመጣ በኋላ ካያችሁት ማንኛውም ቁጥር ልክ መስሎ ይታያል። ቢጊን ብላችሁ ደግሞ ሻይ ልትጠጡ አትውጡ። የነካችኋቸው ረድፎች ተቆልፈው ይቆያሉ፣ እነሱን መቀየር የፈለገ ሌላ ሰው እናንተን ይጠብቃል።

የእኔ ቅደም ተከተል አሁን ይሄ ነው። ማታ ለውጥን በሴሌክት አወጣና ለጋሼ በቴሌግራም እልካለሁ፦ ኮድ፣ ስም፣ የድሮ፣ አዲስ። እሳቸው ያትሙትና በእስክሪብቶ እያዩ ምልክት ያደርጋሉ። የተጠራጠሩትን ያከብቡታል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወረቀቱን ይሰጡኛል። የተከበበውን ከዝርዝር አወጣለሁ፣ የቀረውን እቆጥራለሁ፣ ቢጊን እላለሁ። ሱቁ እስኪከፈት ግማሽ ሰዓት አለኝ።